የሥዕሉ ባለቤት ሲያደንቅ፦ ገርትሩድ ስታይን ስለ ፒካሶ

አንድ ሠዓሊ ወዳጄ ለኤግዚቢሽኑ ካታሎግ ሁለት ገጽ ያህል ጻፍልኝ ካለኝ ሦስት ወር አለፈ። እሺ ያልኩት ብዙም ሳላስብ ነው። ሥራዎቹን እወዳቸዋለሁ፤ አንዱን የማስትሬት ተማሪ ሳለሁ በዱቤ ገዝቼው እስካሁን ከጽሕፈት ጠረጴዛዬ በላይ ተሰቅሏል። ለመጻፍ ስቀመጥ ግን የሚወጣኝ ሁሉ ወይ ሙገሳ ነው ወይ የጓደኝነታችን ትዝታ። ሂስ አልሆን አለኝ። ከእኔ በፊት እዚህ ጣጣ ውስጥ የገባ ሰው ስፈልግ የገርትሩድ ስታይንን «ፒካሶ» እንደገና አነበብኩ።

በ1938 የወጣች ትንሽ መጽሐፍ ናት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስታይን አሜሪካዊት ብትሆንም የጻፈቻት በፈረንሳይኛ ነው። በዚያን ጊዜ ከሠዓሊው ጋር ከተዋወቁ 30 ዓመት አልፏቸዋል፤ ከወንድሟ ከሊዮ ጋር የኖረችበት የፓሪስ ቤትም ግድግዳው በፒካሶ ሥራዎች የተሞላ ነበር። ጅማሬው ግን ፍቅር አልነበረም። በ1905 ሊዮ የአበባ ቅርጫት የያዘችውን ልጃገረድ ሥዕል በ150 ፍራንክ ሲገዛ ገርትሩድ እግሮቿን ጠልታቸዋለች። ነጋዴው፣ ካልወደድሽው ቆርጠን ጭንቅላቱን ብቻ ትወስጃለሽ ብሏት እንደነበር ራሷ አውርታዋለች። እንኳን አልተቆረጠ፤ ያው ሥዕል በ2018 ኒውዮርክ ላይ በጨረታ 115 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል።

የስታይን ምስክርነት ጉልበት ያለው እሷ ራሷ በነበረችበት ቦታ ነው። ፒካሶ ፖርትሬቷን ሲሥል 80 ወይም 90 ጊዜ እንደተቀመጠችለት ትናገራለች። በ1906 ጸደይ አንድ ቀን ጭንቅላቱን ጠርጎ አጠፋው፤ እያያት ሊያያት አልቻለም። ስፔን ሄዶ ከረመ። ሲመለስ እሷን ዳግም ሳያይ ፊቱን ከትውስታው ሠራው። ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሄጄ ከሥዕሉ ፊት ስቆም ሁልጊዜ ዐይኔ የሚሄደው ወደዚያ ስፌት ነው። እጆቹና ቡናማው ልብስ የቀደመው ሠዓሊ ሥራ ናቸው፤ ጭምብል የመሰለው ፊት፣ ያልተካከሉት ዐይኖች የሌላ፣ ገና የሚመጣ ሠዓሊ። አንድ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ይህን ከቀለሙ ተነሥቶ ሊያስረዳ ይችላል። ፊቷ ሲጠፋ ወንበሩ ላይ የነበረችው ግን ስታይን ናት። ያንን ትዕግሥትና ያንን ተስፋ መቁረጥ ከእሷ በቀር የሚነግረን የለም።

ሌላም አላት። ፒካሶ በ1909 በስፔን ሆርታ መንደር የሣላቸውን ቤቶች ገዝታ ስትሰቅል ሰው ሁሉ ምንድነው ይሄ ይላት ነበር። ከሥዕሎቹ ጎን ሠዓሊው ያነሣቸውን የመንደሩን ፎቶግራፎች አስቀመጠች። ቤቶቹ በእርግጥም እንደዚያ እርስ በርስ የተደራረቡ ነበሩ። ይህ ከብዙ ገጽ ንድፈ ሐሳብ የሚሻል ማስተማሪያ ነው፤ እኔ ብሆን ኩቢዝምን ማስተማር የምጀምረው ከዚህ ነበር።

ከምስክርነት ወደ ፍርድ ስትሻገር ግን መጽሐፉ ይላላል። ኩቢዝም የስፔን ነው ትላለች፤ በዚያ ዘመን ፒካሶን የተረዳሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱ በቀለም የሚያደርገውን እኔ በቃላት አደርግ ነበርና ትላለች። ታዲያ ፈረንሳዊው ብራክ የት ገባ? ጎን ለጎን ሆነው፣ የአንዱ ሸራ ከሌላው እስከማይለይ ድረስ የሠሩባቸው ዓመታት የት ገቡ? ብራክና ማቲስ ገና በ1935፣ ቀደም ሲል ባወጣችው ሌላ የትዝታ መጽሐፍ ተቆጥተው፣ ነገሩ አልገባሽም የሚል ምስክርነት በጋራ አሳትመውባት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በወጣው «ፒካሶ» ውስጥ ያ ቅሬታ ምንም የለወጠው ነገር አይታየኝም። የራሷ ግድግዳ ላይ ያለውን ስታደንቅ ራሷን እያደነቀች ነው፤ ቀድማ አይታ የገዛችውን ሴት።

የሚገርመኝ ሌላ ነው። ፒካሶ በ1935 ሥዕሉን ተወት አድርጎ ግጥም መጻፍ ጀመረ። ያኔ ስታይን አልራራችለትም። በ1937 ባወጣችው መጽሐፍ እንደምትተርከው ኮሌታውን ይዛ ናጠችው፤ ይህ ግጥም አይደለም፣ አንተ የምትችለው ነገር ድንበር አለው ብላ ነገረችው። በሥዕሎቹ ላይ እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ሲወጣ አላነበብኩም። በግጥሙ ላይ ግን ያለፍርሃት ፈረደች፤ ሙያው የራሷ ነው፤ ግጥሞቹን ደግሞ ገዝታ አልሰቀለቻቸውም።

እዚህ ላይ መጽሐፉን አስቀምጬ ስለ እኛ ማሰቤ አልቀረም። በስደት ስለ ሠዓሊዎቻችን የምናነበው አብዛኛው ጽሑፍ የወዳጅ ጽሑፍ ነው፤ ጸሐፊው ሥዕሉን ሳሎኑ የሰቀለ፣ ሠዓሊው በቸገረው ጊዜ የገዛው፣ አብሮት ቡና የጠጣ ሰው ነው። እስክንድር ቦጎሲያን ለዓመታት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሰው ነው፤ ዋሽንግተን ውስጥ ስለ እሱ ስጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ የምሰማው ስለ ሰውየው እንጂ ስለ ሸራው አይደለም። ይህን አልንቅም። እነዚያ ወዳጆች ባይኖሩ ብዙ ሥራ ምድር ቤት ውስጥ ሻጋታ ይበላው ነበር። ግን ከመካከላቸው ማን ነው ኮሌታ ይዞ የሚንጥ? ወዳጄ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያንኑ ሰማያዊ፣ ያንኑ በር ደጋግሞ እየሣለ ነው። ይሸጥለታል። እኔም ይህን ለእሱ ነግሬው አላውቅም፤ የእኔም ሥዕል ሰማያዊ በር ነው።

ትናንት ማታ ደወለ። «ወንድሜ፣ ካታሎጉ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው እኮ፣ ምን ደረስክ?» አለኝ። ስለ በሩ አንድ ነገር ልጽፍ ነው፣ ሳይታተም በፊት አንተ ታየዋለህ አልኩት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «መጥፎ ነው?» አለ። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ሥዕሉን ከግድግዳው አውርጄ ፊቱን አዙሬ ከመደርደሪያው ጀርባ አስቀመጥኩት። ምስማሩ ብቻ ቀርቷል።