ስለ መንገድ እንቆቅልሽ አፈታት

የመንገድ እንቆቅልሽ ማለት ስለ ጥቂት ከተሞችና እነርሱን ስለሚያገናኙ መንገዶች የሚቀርብ፣ መልሱም በዕድል ወይም በድፍረት ሳይሆን በማመዛዘን ብቻ የሚገኝ ጥያቄ ነው፤ እኔም የሒሳብ መምህር እንደ መሆኔ መጠን እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለተማሪዎች በማዘጋጀትና ሌሎች ያዘጋጁትንም በመፍታት ብዙ ዘመን ስላሳለፍሁ፣ ሥራው ላይ ላዩን ሲያዩት ጨዋታ ቢመስልም የራሱ ሥርዐትና የራሱ ትዕግሥት ያለው ጥበብ መሆኑን ለአንባቢ ላስረዳ እወዳለሁ። ስለ ጥበብ በደፈናው መናገር ፍሬ ስለሌለው፣ አንድ እንቆቅልሽ መርጬ አፈታቱን ከሥሩ እከተላለሁ።

እንግዲህ አንባቢ ከአዲስ አበባ ይነሣና፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ቍልቍል ወደ ዓባይ ወርዶ በደጀን በኩል ሽቅብ በመውጣት ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ወረታ፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ደባርቅ ይሂድ፤ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ ወደ ሽሬ፣ ከሽሬ ወደ አክሱም፣ ከአክሱም ወደ መቀሌ ይሻገር፤ ከመቀሌም በኮረም አድርጎ ወደ ወልድያ፣ ከወልድያ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ ደብረ ብርሃን፣ በመጨረሻም ወደ ተነሣበት ወደ አዲስ አበባ ይመለስ። ይህ ታላቅ ዙሪያ መንገድ ነው። በመካከሉ ደግሞ፣ ቻይኖች የሠሩት ጐዳና፣ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋሸና በኩል እስከ ወልድያ ድረስ ያቋርጠዋል፤ ከጋሸናም አንድ መንገድ ተገንጥሎ ወደ ላሊበላ ይገባል። በመንገዱ ላይ ያሉትን ሌሎች ከተሞችና በዚያ አገር ያሉትን ሌሎች መንገዶች፣ ምንም እንኳ ብዙዎች ቢሆኑ፣ ለጊዜው እንተዋቸው። በዚህ ሥዕል 15 ከተሞችና 16 መንገዶች አሉ። ጥያቄውም ይህ ነው፤ አንድ መንገደኛ በአንዲት ከተማ የፈለገውን ያህል ጊዜ ማለፍ ተፈቅዶለት፣ ነገር ግን ከ16ቱ መንገዶች አንዱንም ሳያስቀር፣ አንዱንም ሳይደግም ሁሉን ሊሄድ ይችላልን? የሚችል ከሆነስ ከየት መነሣት ይገባዋል?

ከፈቺው የሚጠበቀው የመጀመሪያው ሥራ መርሳት ነው፤ ይህም ከሥራው ሁሉ የከበደው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ያን አገር የሚያውቅ ሰው የዓባይን ሸለቆ ሙቀት፣ በደብረ ታቦር ምሥራቅ ተዘርግቶ የሚታየውን የጉናን ብርድ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከገደሉ ላይ የቀረጹትን የሊማሊሞን ጥምዝ፣ ከደብረ ሲና በላይ የጣርማ በርን ተራራ ሰርስሮ የሚያልፈውን ዋሻ ከሐሳቡ ሊያወጣ አይወድም፤ የወደደም ቢሆን በቀላሉ አይሆንለትም። ነገር ግን በቀረበው ጥያቄ ውስጥ ርቀት የለም፤ ከፍታ የለም፤ ክረምትና በጋ የለም። መንገዱ ረዥም ይሁን አጭር፣ ቀጥ ያለ ይሁን ጠመዝማዛ፣ መልሱን በአንዲት ነጥብ እንኳ አይለውጠውም። የሚቀረው ነገር የትኛይቱ ከተማ ከየትኛይቱ ጋር ተያይዛለች የሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ ካርታውን ወደ ጎን አድርጌ፣ በንጹሕ ወረቀት ላይ ትንንሽ ክቦችና እነርሱን የሚያገናኙ መሥመሮች እሥላለሁ፤ ሥዕሉም አገሩን ባልመሰለ መጠን ሥራው ይቀልልኛል።

ብዙ ሰው ጥያቄውን እንደ ሰማ ወዲያው ጣቱን ከአንዲት ከተማ ላይ አኑሮ መሥመሩን መከተል ይጀምራል፤ ጥቂት ሲሄድ ይዘጋበታል፤ ከሌላ ከተማ ተነሥቶ እንደ ገና ይሞክራል፤ እንደ ገናም ይዘጋበታል። ይህ የአእምሮ ሳይሆን የጣት ሥራ ነው። የጥበቡ መጀመሪያ መንገዱን መከተል ትቶ በከተማይቱ በር ላይ መቆም ነው። በበሩ የቆመ ሰው የሚያየው ነገር ቀላል ነው፤ መንገደኛው በአንዱ መንገድ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል፤ በእያንዳንዱ ማለፍ ሁለት ሁለት መንገድ ያልቃል። እንግዲህ መንገደኛው ሊነሣባት ወይም ሊያርፍባት ያልታሰበች ከተማ የመንገዶቿ ቍጥር ተጋማሽ መሆኑ ግድ ነው፤ ቍጥሩ ጎደሎ ከሆነ አንዱ መንገድ ያለ አቻ ይቀራልና፣ ያ አቻ ያጣው መንገድ ወይ የጕዞው መጀመሪያ ወይ የጕዞው ፍጻሜ ከመሆን በቀር ሌላ ሥፍራ የለውም። አንድ ጕዞ አንድ መነሻና አንድ መድረሻ ብቻ ስላለው፣ ጎደሎ መንገድ ያላቸው ከተሞች ከሁለት የበለጡ እንደ ሆነ ነገሩ ያን ጊዜውኑ አበቃ።

ከዚህ በኋላ በየክቡ አጠገብ የመንገዶቹን ቍጥር እጽፋለሁ። ወረታ 3፣ ወልድያ 3፣ ጋሸና 3፣ ላሊበላ 1፤ የቀሩት 11 ከተሞች ሁለት ሁለት ናቸው። ወደ ፍርድ ከመሄዴ በፊት ግን ቍጥሮቹን ሁሉ እደምራለሁ፤ እያንዳንዱ መንገድ ሁለት ጫፍ ስላለው በሁለት ከተማ ዘንድ ይቈጠራልና፣ ድምሩ የመንገዶቹ ቍጥር እጥፍ ካልሆነ ከሥዕሉ የተዘለለ ወይም የተደገመ ነገር አለ። ድምሩ 32 ነው፤ የ16 እጥፍ። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የዓመቱን አበቅቴና መጥቅዕ ካወጡ በኋላ ሁለቱ ተደምረው 30 መሆናቸውን ሳያዩ ወደ አጽዋማቱና ወደ በዓላቱ እንደማያልፉ፣ የመንገድ እንቆቅልሽ ፈቺም ይህን ድምር ሳያይ ወደ ፊት ማለፍ አይገባውም። ጎደሎ ከተሞች ምን ጊዜም ጥንድ ጥንድ ሆነው እንጂ ለብቻ የማይገኙትም ስለዚሁ ድምር ነው፤ ሦስት ጎደሎ ከተሞች አገኘሁ የሚለኝ ተማሪ ቢኖር ሥዕሉን ሳላየው ተሳስተሃል እለዋለሁ።

እነሆ ጎደሎዎቹ አራት ናቸው። መልሱም፣ አይቻልም፣ ነው።

በማስተማር ሥራዬ እንዳየሁት ይህን መልስ ደስ ብሎት የሚቀበል ተማሪ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ‹‹እኔ አላገኘሁትም›› ከማለትና ‹‹የለም›› ከማለት መካከል ያለውን ገደል አያስተውለውም። የመጀመሪያው ስለ ፈላጊው ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ ነገሩ ባሕርይ። የዚህ ዕውቀት አባት የሚባለው ሊዮናርድ ኦይለር ዝናን ያተረፈው መንገድ አግኝቶ ሳይሆን መንገድ አለመኖሩን አስረድቶ ነው፤ በፕሩሲያ በኬኒግስበርግ ከተማ የፕሬገል ወንዝ አራት ክፍል ያደረገውን ምድር ሰባት ድልድዮች ያገናኙት ነበርና፣ ሰባቱን እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ መሻገር ይቻላልን ለሚለው ጥያቄ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (የሚከተሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በ1735 ዓ.ም. ለሴንት ፒተርስበርግ አካዳሚ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ከአራቱ ክፍሎች አንደኛው አምስት፣ ሦስቱ ደግሞ ሦስት ሦስት ድልድይ ስላላቸው ሁሉም ጎደሎ ናቸውና አይሆንም ብሎ ፈረደ። ጎደሎዎቹ ሁለት ወይም ምንም ሲሆኑ፣ ከተሞቹ ሁሉ እስከ ተያያዙ ድረስ ጕዞው ዘወትር እንደሚሳካ ግን ሙሉው ማስረጃ የታተመው እጅግ ዘግይቶ በ1873 ዓ.ም. ነው፤ ጸሐፊው ጀርመናዊው ካርል ሂርሆልዘርም ያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም።

ወደ እኛ መንገደኛ እንመለስ። የልደትን በዓል ላሊበላ የሚያከብር ተሳላሚ በሄደበት መንገድ ወደ ጋሸና መመለሱ ነውር አይደለምና፣ ያን አንድ መንገድ ብቻ ሁለት ጊዜ እንዲሄድ ብንፈቅድለት፣ ላሊበላ 2፣ ጋሸና 4 ይሆናሉ፤ ጎደሎ ሆነው የሚቀሩት ወረታና ወልድያ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጕዞው ይቻላል፤ ነገር ግን ከሁለቱ ከተሞች በአንደኛይቱ መጀመርና በሌላይቱ መፈጸም አለበት። ከወረታ ተነሥቶ በባሕር ዳር፣ በአዲስ አበባና በደሴ አድርጎ ወልድያ ይደርሳል፤ ከወልድያ በመቀሌ፣ በአክሱምና በጎንደር አድርጎ ወረታ ይመለሳል፤ ከዚያም በደብረ ታቦር ጋሸና ደርሶ፣ ላሊበላን ተሳልሞ፣ ወልድያ ላይ ያርፋል። ከአዲስ አበባ ልነሣ የሚል ቢኖር ግን ዋና ከተማነቷ ምንም አይረዳውም።

አንድ ብልኅ ተማሪ፣ ከላሊበላ በሰቆጣ በኩል ወደ ኮረም የሚያወጣ መንገድ አለና እርሱን ለምን አንጨምርም ሊል ይችላል። ይጨመር። ላሊበላ 2 ትሆናለች፤ ሰቆጣም 2፤ ኮረም ግን፣ ከመቀሌ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ያልፍባታልና፣ 3 ትሆናለች። ጎደሎነቱ ተራራ ተሻገረ እንጂ አልጠፋም።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ መንገዶች ነው። ጥያቄውን ወደ ከተሞች ብናዞረው፣ ማለትም መንገደኛው 15ቱን ከተሞች እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ይጎብኝ፣ የሚተወው መንገድ ቢኖር ግድ የለም ብንል፣ በበር ላይ ቆሞ የመቍጠሩ ዘዴ ብቻውን አያዋጣም። የአየርላንዱ ሊቅ ዊልያም ሮዋን ሃሚልተን በ1857 ዓ.ም. በዚህ ሐሳብ ላይ አንድ ጨዋታ ሠርቶ ነበር፤ 20 ነጥቦች እንደ ብራስልስና ዛንዚባር ያሉ የ20 ከተሞችን ስም ይዘው፣ ከእያንዳንዱም ሦስት ሦስት መንገድ ይወጣል። ጨዋታውን ለለንደን ነጋዴ በ25 ፓውንድ ሸጠው፤ ገበያው ግን አልቀናውም። በዚያ ሥዕል ሁሉም ከተሞች ጎደሎ ስለሆኑ መንገዶቹን ሁሉ አንዳንድ ጊዜ መሄድ ፈጽሞ አይቻልም፤ ከተሞቹን ሁሉ አንዳንድ ጊዜ መጎብኘት ግን ይቻላል። ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ እንደ ኦይለር ቈጠራ ያለ አጭር መለያ ሕግ እስከ ዛሬ አልተገኘለትም፤ ስለዚህ በየጊዜው ከሥዕሉ ጋር መከራከር ያስፈልጋል፤ እኔም ከሁሉ ይልቅ የምወደው ይህንኑ ክርክር ነው።

ክርክሩ የሚጀመረው ነጻነት ከሌላት ከተማ ነው። ላሊበላ አንድ መንገድ ብቻ ስላላት በመካከል ልትገኝ አትችልም፤ ወይ መጀመሪያ ወይ መጨረሻ ናት። መጨረሻ ትሁን እንበል። ከእርሷ በፊት ያለችው ጋሸና ናት፤ ወደ ጋሸና የተመጣው ከወልድያ ከሆነ፣ ደብረ ታቦር በወረታ በኩል ብቻ የምትገኝ ሆና ቀረችና የጕዞው መነሻ ከመሆን በቀር ዕድል የላትም፤ ከእርሷ ተነሥቶ ወረታ የደረሰ ሰው ደግሞ በሰሜን ወይም በደቡብ በአንዱ በኩል ብቻ ወደ ወልድያ ሄዶ ሌላውን ወገን ሳያይ ይቀራል። ስለዚህ ወደ ጋሸና የሚመጣው ከደብረ ታቦር፣ ወደ ደብረ ታቦርም ከወረታ ነው፤ ከወረታ በፊት ታላቁ ዙሪያ በሙሉ ማለቅ አለበት። ይህም የሚሆነው መንገደኛው ከወረታ ጎረቤቶች ከአንደኛይቱ ተነሥቶ ወረታን ጀርባውን ሲሰጣት ብቻ ነው፤ ከጎንደር ተነሥቶ በሰሜን ይዞራል፣ ወይም ከባሕር ዳር ተነሥቶ በደቡብ ይዞራል። ሦስተኛ መነሻ የለም። አንድ መንገድ አግኝቶ የተደሰተ ፈቺ ሥራው ገና እኩል መሆኑን ይወቅ፤ ሌላ አለመኖሩን ወይም ስንት መኖሩን የሚያውቀው ምክንያቱን ሲይዝ ነውና።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማለት ከአንዲት ከተማ ወደ ሌላይቱ በጥቂት ሰዓት የሚያደርሰው የትኛው ነው የሚለው፣ አስቀድመን የረሳነውን ሁሉ መልሶ ያመጣዋል፤ የዓባይ ቍልቍለትና የሊማሊሞ ጥምዝ አሁን በየመሥመሩ ላይ በሰዓት ተጽፈው ይመጣሉ። የሆላንዱ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1956 ዓ.ም. በአምስተርዳም ቡና ቤት ተቀምጦ፣ ያለ እርሳስና ወረቀት፣ በሃያ ደቂቃ ያህል ያሰበው ዘዴ እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ከመነሻይቱ ወደ ጎረቤቶቿ ያለውን ሰዓት ጽፎ፣ ከሁሉ የሚያንሰውን ማጽደቅ፣ ከጸደቀችው ከተማ ደግሞ ወደ ፊት ማስላት ነው። ዘዴው የሚያስተማምነው ሰዓትን ወደ ኋላ የሚመልስ መንገድ በዓለም ስለሌለ ነው። ጠቃሚነቱን አልክድም፤ ነገር ግን ትጋትን እንጂ ክርክርን ስለማይጠይቅ ልቤን እንደ ሁለቱ አይስበውም።

ለአንባቢ አንድ ሥራ ትቼለት ልለፍ። በመጀመሪያው ሥዕል ላይ፣ በ16ቱ መንገዶች ላይ፣ በሁለት ከተሞች መካከል አንድ አዲስ መንገድ ብቻ የመጨመር ሥልጣን ቢሰጠው፣ መንገደኛው 17ቱን ሁሉ አንዳንድ ጊዜ ሄዶ ጕዞውን ላሊበላ ላይ እንዲፈጽም የትኞቹን ከተሞች ያገናኛል? መልሱ አንድ ሳይሆን ሦስት መሆኑን፣ እያንዳንዱም የየራሱ መነሻ ያለው መሆኑን አስቀድሜ እነግረዋለሁ፤ ሦስቱን ከነምክንያታቸው ሳያገኝ እርሳሱን እንዳያስቀምጥ እለምነዋለሁ።