ክተት፣ ምልመላ፣ አፈሳ፦ የቃላቱ ባለቤት ማን ነው?

«መለመለ»ን «መረጠ» ብሎ መፍታት ስሕተት ባይሆንም ቃሉን ያደኸየዋል። መመልመል ከሁሉ በፊት የእጅ ሥራ ነው፤ ቅርንጫፍ ተይዞ ቅጠሉና ጭራሮው ሲራገፍ ተመለመለ ይባላል፣ ተራግፎለት የቀረው እንጨትም ምልምል ነው። ቃሉ ወደ ሰው ሲሻገር ታዲያ ተመልማዩ ቅጠሉ ነው ወይስ በትሩ? «ወጣቶቹ ከየወረዳው ተመለመሉ» ስንል ከግንዱ የተለየው ቅጠል ናቸው፤ ከቤተሰብና ከቀዬ ተነጥለዋል። «ምልምል ወታደር» ስንል ግን ሰውየው በትሩ ነው፤ የቀድሞ ኑሮው ተራግፎለት ሥልጠናውን ገና ያልጨረሰ። አማርኛ ሁለቱንም ይዞ መቆየቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ሰውን ከአገሩ ነጥሎ በጦር ሰፈር እንደ አዲስ የሚቀርጸው ዘመናዊ ሠራዊት ሁለቱንም ፍቺ ይፈልጋቸዋል።

የቃሉ ልዩ ጠባይ ይበልጥ የሚወጣው ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ሲነጻጸር ነው። «ክተት» ትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ ተናጋሪው ንጉሥ ቢሆንም የግሡ ባለቤት ሰሚው ነው፤ ከታቹ አንተ ነህ። በመስከረም 1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ያስነገሩት የክተት ዐዋጅ ወደ ዐድዋ ያዘመተው ሠራዊት በአብዛኛው ስንቁን ይዞ፣ የአካባቢውን ሹም ተከትሎ የወጣ ነበር። «አፈሳ» የዚህ ተቃራኒ ነው። የሚታፈስ እህል ነው፤ አፋሹ ፍሬውን ከፍሬ አይለይም። ደርግ በ1975 ዓ.ም. ያወጣው የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ዜጎችን የሚመለከት፣ ዕድሜና ሥርዓት የወሰነ ሕግ ነበር። ቀበሌዎችና የገበሬ ማኅበራት የተጣለባቸውን ቁጥር ለመሙላት ወጣቱን ከመንገድና ከገበያ ሲይዙ ግን ሕዝቡ ድርጊቱን ምልመላ ብሎ አልጠራውም፤ አፈሳ አለው። ይህ ስያሜ በራሱ ማስረጃ ነው። ምልመላ ለመባል ቢያንስ የመልማዩ ዐይን በእያንዳንዱ ሰው ላይ ማረፍ እንዳለበት ተናጋሪው ያውቅ ነበር።

በክተት የቀረም ይቀጣ ነበርና የሰሚው ባለቤትነት የሰዋስው ጌጥ እንጂ እውነተኛ ነጻነት አይደለም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ቅጣቱ አይካድም። እኔ የምለው ግን ከታቹ ነጻ ነበር ሳይሆን አድራጊ ነበር ነው። መሣሪያውንና ስንቁን ከቤቱ የሚያወጣ ሰው ለዘመቻው መሳካት የራሱን ድርሻ ያውቃል፤ ልብሱም ጠመንጃውም ከመንግሥት የሚሰጠው ተመልማይ ግን በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ እንኳ ተደራጊ ሆኖ ነው የሚገባው። ሰዋስዉ የሥርዓቱን ለውጥ ተከትሎ ሄዷል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ዛሬ ምልመላ ለተጫዋች፣ ለፓርቲ አባል፣ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኛም ይነገራልና የመራገፍ ፍቺው ሞቷል ይባላል። በእርግጥ ቅጠሉን የሚያስበው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የአስተዳደር ሰዎች «ምልመላና መረጣ» ብለው ሁለቱን ማጣመራቸው ቃላቱ አንድ ላለመሆናቸው ምስክር ነው፤ መልማይ ከብዙው ነጥሎ ያቀርባል፣ መራጭ ከቀረቡት ይወስናል። ተደራጊነቱም አልጠፋም። በፈቃዱ የሄደ ሰው «ዘመትኩ»፣ «ተቀላቀልኩ»፣ «ተመዘገብኩ» ይላል፤ አዲስ አባላት የሚፈልግ ማኅበርም ጥሪውን «ይመዝገቡ» ብሎ ያወጣል። ተመልመል የሚለው ትእዛዝ በሰዋስው ደንብ ትክክል ሆኖ ሳለ የሚያዝበት ሰው አይሰማም፤ መመልመል ሌላው በአንተ ላይ የሚፈጽመው ሥራ ነውና።