ባለቤት የሌለው ፋይል

ዊንዶውስ 98 ላይ ያደገ ሰው ያንን ሰማያዊ ስክሪን ያውቀዋል። ኮምፒውተሩ ደርቆ የሚቀርበትን፣ ሁሉም የሚቀልድበትን ማለቴ አይደለም። የስካንዲስክን ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣና ኮምፒውተሩ ሲከፈት፣ ገና ዴስክቶፑ ሳይታይ፣ ዊንዶውስ በትክክል ስላልተዘጋ ዲስኩ ላይ ስህተት ሊኖር እንደሚችል ይነግራችኋል። ቀጥሎ ምክር ይጨምራል፦ ይህን መልእክት ድጋሚ ማየት ካልፈለጋችሁ ሁልጊዜ ከስታርት ሜኑ ገብታችሁ ዝጉ።

እንዴ! እኔ መቼ ዘጋሁት?

የሥነ ጽሑፍ ሂስ በሚወጣበት ቦታ የዲስክ መፈተሻ ፕሮግራም ምን አመጣው ትሉ ይሆናል። እኔ ግን በልጅነቴ እንደዚህ መልእክት ደጋግሜ ያነበብኩት ጽሑፍ የለም። ደግሞም እንደ ማንኛውም ጽሑፍ በሐሳቡ የያዘው አንባቢ አለው። መብራት የማይጠፋበት ቤት የሚኖር፣ ኮምፒውተሩ ድንገት ከጠፋ ጥፋተኛው ራሱ የሆነ ሰው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሳሎን ተቀምጦ ሻማ የሚፈልገው ልጅ እዚያ ጽሑፍ ውስጥ የለም።

የመልእክቱን ቁጣ ይቅር ማለት ይቻላል። እኔን የሚያከራክረኝ «ስህተቱ ተስተካክሏል» የሚለው ነው። ምኑ ነው የተስተካከለው?

ይህን ለመመለስ ፋት32ን ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። የድሮ ነገር ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፊልም ፍላሻችሁ ላይ አልገባ ካላችሁ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ፋት32 ዲስኩን ክላስተር ወደሚባሉ እኩል ቁርጥራጮች ይከፍለዋል። እስከ 8 ጊጋባይት በሆነ ዲስክ ላይ አንዱ ክላስተር ብዙውን ጊዜ 4 ኪሎባይት ነው። ፋይላችሁ በአንድ ቦታ ተጠቅልሎ አይቀመጥም። ፎልደሩ ሦስት ዋና ነገሮችን ይይዛል፤ ስሙን፣ መጠኑንና የመጀመሪያውን ክላስተር ቁጥር። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያውቀው ሰንጠረዡ ነው፤ ለእያንዳንዱ ክላስተር «ቀጣዩ እዚያ ነው» እያለ ይመራና መጨረሻው ላይ «አበቃ» ይላል። ሠፈር ውስጥ ቤት እየጠየቁ እንደመሄድ ነው። የመጀመሪያውን ቤት የሚያመላክት ሰው ከጠፋ ሌሎቹ ሁሉ በቦታቸው እያሉ ማንም አይደርስባቸውም።

ስካንዲስክ እነዚህን «የጠፉ» ይላቸዋል። አልጠፉም እኮ። የጠፋው ወደ እነሱ የሚወስደው ስም ነው።

አንድ ማታ አባዬ ለአያቴ ሙት ዓመት የሕይወት ታሪኳን ይጽፍ ነበር። ከእራት በፊት ጀምሮ ሲጽፍ አምሽቶ አንዴም ሴቭ አላደረገም። በመጨረሻ ሴቭ ሲል መብራት ሄደ። በማግስቱ ሰማያዊው ስክሪን መጣ፣ ቢጫው መስመር እየሞላ ሄደ፣ «ተስተካክሏል» ተባልን። ፎልደሩ ውስጥ አባዬ የሰጠው ስም በትክክል ተቀምጧል፤ መጠኑ ግን ዜሮ። ሲ ድራይቭ ላይ ደግሞ ፋይል0003 የሚባል፣ ቅጥያው ሲኤችኬ የሆነ እንግዳ ነገር ተቀምጧል። አንዱ ስም ነው አካል የሌለው፣ ሌላው አካል ነው ስም የሌለው።

ኮምፒውተር አዋቂ እኔ ነበርኩና ያንን እንግዳ በኖትፓድ ከፈትኩት። የላቲን ፊደል፣ የተገለበጠ የጥያቄ ምልክት፣ ኮማ፣ ሳጥን። ኮተት ነው ብዬ አጠፋሁት።

ከዓመታት በኋላ ፎንቱ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የሰው የድሮ የአማርኛ ሰነድ ስከፍት ያንኑ ኮተት አየሁት። ያኔ ነው የገባኝ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ 98 ከወጣ በኋላ ማለት ነው። ከዚያ በፊት አማርኛ የምንጽፈው በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ የእኛን ፊደል ቅርጽ በሚያለብሱ ፎንቶች ነበር። በአንድ ባይት 256 ቦታ ብቻ ስላለ የእኛ ፊደላት አይበቃቸውም፤ ስለዚህ በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ይከፋፈሉ ነበር። ፎንቱ ሲነሳ አማርኛው ወደ ኮተት ይመለሳል። አባዬ የጻፈው እዚያ ነበረ ማለት ነው፤ ፎንቱን መልሼ ባለብሰው ቢያንስ የተወሰነው ይነበብ ነበር።

ስካንዲስክን በአግባቡ ለመተቸት ሥራውን እንዳልበደለ መናገር አለብኝ። ባለቤት የሌላቸውን ክላስተሮች ከመጣል ፋይል አድርጎ አስቀመጣቸው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የምከሰው በቃሉ ነው። ሰንጠረዡና ፎልደሩ እንዲስማሙ ነው ያደረገው፤ መዝገቡን ነው ያዳነው። ዜሮ መጠን ያለው ፋይል ለመዝገቡ ፍጹም ትክክል ነው። «ሂሳቡ ገጥሟል፣ ጽሑፋችሁ ግን የት እንደገባ አላውቅም፤ ይህችን ስም አልባ ፋይል እዩ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትኖር እጄ አይፈጥንም ነበር።

ኤክስፒ በ2001 ሲመጣ ኤንቲኤፍኤስን ወደ ቤታችን አስገባ። እሱ የሚያደርገውን ለውጥ አስቀድሞ በማስታወሻ ይመዘግባል፤ መብራት ሲመለስ ማስታወሻውን አይቶ ራሱን በቶሎ ያስተካክላል። ሰማያዊው ስክሪን ብርቅ ሆነ። ግን ማስታወሻው የሚይዘው የመዝገቡን ለውጥ እንጂ የጽሑፋችሁን ይዘት አይደለም። ምርጫው ያው ነው፤ ልዩነቱ አሁን ሳይቆጣን ማድረጉ ነው። እውነቱን ለመናገር ቁጣው ይሻል ነበር፤ ቢያንስ የሆነ ነገር እንደተፈጠረ እናውቃለን።

ፋት32 ላይ ፋይል ስታጠፉ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል በሌላ ምልክት ትተካና ክላስተሮቹ «ባዶ» ተብለው ይመዘገባሉ። ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን ኮምፒውተሩን ዝም ብለን ብንተወው ለማዳን ዕድል ነበረን። እኔ ግን ከሰዓት በኋላ ዲፍራግ አስጀመርኩ። ምክንያት አልነበረኝም፤ እነዚያ ባለ ቀለም ካሬዎች ከቦታ ቦታ ሲዘሉ ማየት ስለምወድ ነው።

አባዬ ታሪኩን በእጁ እንደገና ጻፈው። ሁለት ገጽ ሆነ፤ የመጀመሪያው አምስት ነበር።