«ጎማ»ና «ቸርኬ»፦ በመመሪያ ትርጉም የሚታይ ጉድለት

አንዳንድ የተሽከርካሪ መመሪያ ተርጓሚዎች ላስቲኩንም፣ ላስቲኩ የሚገጠምበትን አሉሚኒየምም በአንድነት «ጎማ» ይሏቸዋል። ይህን አንቀበለውም። ከኋላ በየጎኑ ጥንድ ጎማ ላለው ፒካፕ «ጎማ ይምረጡ» የሚለው ትእዛዝ፣ የጥንዶቹ ክፍተት በቸርኬውም ልክ የሚወሰን መሆኑን ይሰውራል፤ ክፍተቱ ከጠበበ ጎማዎቹ ጭነት ሲበዛ ይፋተጋሉ፣ ይግላሉም። «ጎማውን ያጽዱ» ሲባልም፣ ኃይለኛ አሲድ የአሉሚኒየሙን ገጽ እንደሚበላ አንባቢው አይጠረጥርም። «መንኮራኩር» ነባር ቃል ቢሆንም ዛሬ የጠፈሩንም ስለሚያስታውስ አሻሚ ነው። መካኒኮች ግን «ቸርኬ»ን ከ«ጎማ» ለይተው ይጠቀሙበታል። ሁለቱም ቃላት ከጣሊያንኛ የተወረሱ ስለሆኑ፣ አንዱን ተቀብሎ ሌላውን «የጋራዥ ቃል ነው» ብሎ መተው ሚዛናዊ አይደለም። ስለዚህ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ቸርኬ»ን «ጎማ የሚገጠምበት ክብ አካል» ብለው ሊፈቱት ይገባል እንላለን።