ከድምፁ ሥር ያለው ፊልም

ጁባ፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ገብቶ ፊልም በፍላሽ የሚያስጭን ሰው ብዙ ጊዜ «ማን ይሠራበታል?» ከማለቱ በፊት «ማን ተረጎመው?» ይላል። ይህ ተርጓሚ ከሥር ጽሑፍ አይጽፍም። እንደ ቃና ቴሌቪዥን ድራማዎች ለየገጸ ባሕርይው የየራሱን ድምፅ የሚሰጥ ቡድንም የለውም። ብቻውን ማይክ ይዞ ከፊልሙ ላይ ይናገርበታል፤ ወንዱንም ሴቷንም፣ ሟቹንም ገዳዩንም። ኡጋንዳዎች ቪጄ ይሉታል። ቃሉ «ቪዲዮ ጆከር» ከሚለው የመጣ ነው፤ የቪዲዮ ቀልደኛ እንደማለት። ስማቸው ከገነነው አንዱ የካምፓላው ቪጄ ጂንጎ ነው። እኛ አገር «ትርጉም ፊልም» እያልን በሲዲ ያየነው የዚሁ ሙያ ዘመድ ነው።

ቪጄው የተረከበት ፊልም ከኡጋንዳ ወደ ጁባ የሚመጣበት መንገድ ቲማቲሙና ሲሚንቶው የሚመጣበት ነው፤ በድንበር ከተማዋ በኒሙሌ። ከድንበሩ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 አስፋልት ሆኖ ተመረቀ። በሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ኡጋንዳ ተሰድደው ያደጉና የተማሩ ብዙ ደቡብ ሱዳናውያንም ስላሉ፣ ቪጄዎቹ የሚተርኩበት የኡጋንዳ ቋንቋ ሉጋንዳ ለሁሉም ጆሮ ባዕድ አይደለም።

በሌላው ዓለም የፊልም ወዳጅ ያንኑ ፊልም ደጋግሞ የሚገዛው ምስሉ ጠራ ስለተባለ ነው። በቪኤችኤስ የነበረውን በዲቪዲ፣ በዲቪዲ የነበረውን በብሉ ሬይ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣውን የሪድሊ ስኮትን «ብሌድ ራነር» እንውሰድ። በ2007 የወጣው ሣጥን በውስጡ አምስት ዓይነት ቅጂ ነበረው፤ አምስቱም ያው አንድ ፊልም ናቸው። ወዳጆቹ በእጅጉ የተከራከሩበት ደግሞ ድምፅ ነው። በመጀመሪያው ቅጂ ሃሪሰን ፎርድ ታሪኩን ከላይ ይተርካል፤ በ1992ቱ ቅጂ ትረካው ወጥቶ ተጣለ፣ ብዙዎችም እፎይ አሉ። ከካምፓላ እስከ ጁባ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ፊልሙ እንደገና «ወጣ» የሚባለው ተራኪ ሲገባበት ነው። አንዱን የቻይና ኩንግ ፉ ፊልም ሁለት ቪጄዎች ከተረኩት ሁለት ፊልም ነው፤ ሁለቱንም የሚያስጭን አለ።

እኔም መጀመሪያ ጫጫታ መስሎኝ ነበር። ሥራውን ያከበርኩት ጆሮዬን ከቀልዱ አንሥቼ እስትንፋሱ ላይ ሳደርግ ነው። ጎበዝ ቪጄ ተዋናዩ ተናግሮ እስኪጨርስ አይጠብቅም። አፍ ሲከፈት ግማሽ ቃል ያህል ዘግየት ብሎ ይገባል፣ አፍ ሲዘጋ ከእርሱ ጋር ይዘጋል። እንግሊዝኛው በሦስት ቃል የጨረሰውን በሌላ ቋንቋ በዚያችው ቅጽበት ማድረስ አለበት፤ ስለዚህ ይጥላል፣ ይሰበስባል፣ አንዳንዴም የተባለውን ትቶ የታሰበውን ይናገራል። አንድ እጁ ሚክሰሩ ላይ ነው። ሲናገር የፊልሙን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል፤ ጥይት ሊተኮስ ሲል ይለቅቀዋል። ጥይት አይተረጎምማ! ለሴትዮዋ ድምፁን አያቀጥንም፤ ያን የሚያደርገው ጀማሪ ነው። የበሰለው ተናጋሪዎቹን የሚለየው በፍጥነት ነው፦ ባለ ሥልጣኑ ዝግ ይላል፣ ሌባው ይቸኩላል። ስም ያልተሰጠውን አጃቢ ስም ያወጣለታል፤ የሎስ አንጀለስን መንገድ የካምፓላ ሰፈር ያደርገዋል።

ይህን ስሰማ ትዝ የሚለኝ የቤተ ክህነቱ የአንድምታ ጉባኤ ነው። መምህሩ አንዲቷን የግዕዝ ንባብ ያነሣል፣ በአማርኛ ይፈታል፣ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ይደርብባታል፤ ንባቧ ግን ከሥር እንዳለች ናት። ቪጄውም ያንኑ ያደርጋል። የሚፈቀድለት «አንድም» ግን አንድ ብቻ ነው፣ ጊዜውም ሁለት ሰከንድ። (ሊቃውንቱ ንጽጽሩን ይቅር ይበሉኝ።) ቪጄ ሁሉ ግን የታደለ አይደለም። በራሱ ቀልድ እየሳቀ የታሪኩን ቁልፍ የሚሸፍን ሞልቷል።

የዚህ ሙያ ትልቁ ማስረጃ «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የተባለው የኡጋንዳ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ናብዋና አይ.ጂ.ጂ. ካምፓላ ዳር ባለችው በዋካሊጋ፣ ራሱ ገጣጥሞ በሠራው ኮምፒውተር፣ ከ200 ዶላር ባነሰ ወጪ ሠራው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 2010 ነው። መሣሪያዎቹ ከቁርጥራጭ ብረት የተበየዱ ናቸው። ተዋናዮቹ ራሳቸው ዲቪዲውን ይዘው ቤት ለቤት ሸጡት። ከዚያ ናብዋና ለሚቀጥለው ፊልም በኮምፒውተሩ ላይ ቦታ አጣ፤ ዋናውን ፋይል አጠፋው። የቀረው የዲቪዲው ቅጂ ብቻ ነው፤ እርሱም ቪጄ ኤሚ በእንግሊዝኛ ተርኮበታል።

ኤሚ ታሪኩ ሳይጀመር ጀምሮ ተመልካቹን ያሟሙቃል፤ ገና ያልመጣውን ውጊያ ቃል ይገባል። ካፒቴኑ ሲሞት ገዳዩ አይታይም፣ ፊልሙም እስከ መጨረሻው ለራሱ ርዕስ መልስ ሳይሰጥ ያልቃል። ሌላ ፊልም ቢሆን ጉድለት እንለው ነበር። እዚህ ግን የኤሚ ድምፅ ክፍተቱን ይዞት ይሄዳል፤ ሲያሾፍበት አብረን እናሾፋለን እንጂ ተታለልን አንልም። የኮምፒውተር ሄሊኮፕተሮቹ ከተማዋን ሲደበድቡ ደግሞ ከነፍንዳታው ይፎክራል። ምስሉ ምን ያህል አሻንጉሊት መሆኑን አሳምሮ ያውቃል፤ ቢሆንም በፊልሙ ላይ አይስቅም፣ ከፊልሙ ጋር ነው የሚስቀው። ይህን መስመር ሳይስቱ አንድ ሰዓት መዝለቅ ቀላል አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካን ጃንር ፊልም አርካይቭ የተባለው ተቋም ፊልሙን «ባድ ብላክ» ከተባለው የናብዋና ሌላ ሥራ ጋር በብሉ ሬይ አወጣው። በሌላ ፊልም ቢሆን ሰብሳቢው የሚፈልገው ንጹሑን፣ ያልተነካውን፣ የመጀመሪያውን ቅጂ ነበር። ለካፒቴን አሌክስ እንዲህ ያለ ቅጂ የለም። ተራኪውን ለይቶ ማጥፋት አይቻልም።

ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ የሚያደምጥ ግን አንድ ነገር ያገኛል። ኤሚ ትንፋሹን ሲስብ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር መካከል፣ ለግማሽ ሰከንድ ያህል አንድ ተዋናይ በሉጋንዳ የጀመረው ቃል ይሰማል። ከዚያ ኤሚ ይገባል።