ያልተቆረጠው እንጨት

ዛፍ ጣይ የባልንጀራውን ሥራ ሊመዝን ሲፈልግ የሚሄደው ወደ ወደቀው ግንድ ሳይሆን ወደ ጉቶው ነው። ግንዱን መኪና ጭኖት ይሄዳል፤ ጉቶው ግን እዚያው ቀርቶ የቆረጠውን ሰው ያሳጣዋል ወይም ያስመሰግነዋል። መጋዙ ከፊት ምን ያህል እንደገባ፣ ከጀርባ በምን ከፍታ እንደመጣ፣ በሁለቱ መካከል ሳይነካ የቀረው ቀጭን መስመር ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆን አለመሆኑ፣ ሁሉም ማየት ለሚችል ሰው ግልጽ ነው። ጥሩ እጅ የተወው ጉቶ ለስላሳ ነው፤ በላዩ አንድ ቀጥ ያለ ሸካራ መስመር ብቻ ያቋርጠዋል፤ የተበጠሱት የእንጨት ክሮች እዚያ ላይ ቆመው ይታያሉ። የሙያው ጥበብ ያለው በዚያች ሸካራ መስመር ላይ ነው ባይ ነኝ፤ መጋዝ ባልነካት ቦታ።

ይህን የምለው በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ያሉትን ዛፍ ጣዮች አስቤ ነው። ከሰሜን ካሊፎርኒያ ተነሥቶ በኦሪገንና በዋሽንግተን በኩል እስከ ብሪቲሽ ኮሎምቢያና ከዚያም በላይ የሚዘልቀው ዝናባማ ደን ዳግላስ ፈር፣ ቀይ ሴዳር፣ ሄምሎክና ሲትካ ስፕሩስ የሚባሉትን ግዙፍ ዛፎች ያበቀለ ነው። በአሮጌው ደን ስልሳና ሰባ ሜትር የሚደርስ ዳግላስ ፈር ብርቅ አልነበረም። ወደ ደቡብ ያለው ሬድውድ የዓለም ረጅሙ ዛፍ ሲሆን፣ ከመካከላቸው 115 ሜትር ያለፈ አለ። እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ሰው ብቻውን፣ ቁልቁለት ላይ ቆሞ፣ እኔ በመረጥሁት ቦታ ውደቅ ብሎ ያዝዘዋል።

ሥራው በመቁረጥ አይጀምርም። መጀመሪያ ዛፉን ይዞራል፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ያያል። ዛፉ ወዴት አዘመመ? ቅርንጫፉ በየትኛው ወገን ከበደ? ከላይ ተሰብሮ የተንጠለጠለ ደረቅ ቅርንጫፍ አለ? ሠራተኞቹ እንዲህ ያለውን ቅርንጫፍ «ሴት መበለት አድራጊ» ይሉታል፤ ቀልድ አይደለም። ከዚያ በመጥረቢያው ጀርባ ግንዱን መታ መታ አድርጎ ያዳምጣል። ጤነኛ እንጨት የሚሰጠው ድምፅና ውስጡ የበሰበሰ እንጨት የሚሰጠው ድምፅ አይመሳሰሉም። መጋዙ ከገባ በኋላ ደግሞ ሰጋቱራውን ያነባል፤ ነጣ ብሎ ሲወርድ የነበረው ድንገት ጠቆር ካለ መሃሉ በስብሷል ማለት ነው፤ ያኔ የነበረውን ዕቅድ ሁሉ ይቀይራል። የመሸሻውንም መንገድ አስቀድሞ ያጸዳል፤ ከመውደቂያው በተቃራኒ፣ በስተኋላ በሰያፍ።

ከዚህ በኋላ የዛፉን አፍ ይከፍታል። መውደቂያው ባለበት ወገን አንድ አግድም ቅድ ይገባል፤ ጥልቀቱ ከግንዱ ወርድ ሩብ እስከ ሢሶ ነው። ሁለተኛው ቅድ በሰያፍ መጥቶ ከመጀመሪያው ጋር ይገናኝና ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ተገንጥሎ ይወጣል። በዚህ ጠረፍ ብዙዎቹ የሚወዱት ሃምቦልት የሚሉትን አቆራረጥ ነው፤ ሰያፉ ቅድ ከአግድሙ በታች ስለሚሆን የሚባክነው ቁራጭ ከጉቶው እንጂ ከግንዱ አይወጣም፤ የግንዱ ታች ጫፍ ደልደል ብሎ ይቀራል። ከዛፉ ውስጥ እጅግ ውድ የሆነው እንጨት ያለው ደግሞ እዚያው ከታች ነው። እንግዲህ ዋናው ነገር ሁለቱ ቅዶች በአንድ መስመር ላይ በትክክል መገናኘታቸው ነው። አንዱ ከሌላው ጥቂት ካለፈ፣ ዛፉ ገና መውደቅ ሲጀምር ያለፈችው ጠባብ ቅድ ቀድማ ትዘጋና ክሮቹን ያለ ጊዜያቸው ትበጥሳቸዋለች። ዛፉ ከዚያ ወዲያ ጌታ የለውም። ልምድ ያለው ሰው አፉን ከከፈተ በኋላ ተንበርክኮ ጥጉን በዓይኑ ሲመረምር፣ ያለፈች ጭረት ካለች ሲያጸዳ ማየት ደስ ይላል፤ የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጢ እንኳ ከዚያ በላይ አይጠነቀቅም።

ዒላማው የሚያዘውም በዚሁ ጊዜ ነው። የሞተር መጋዙ ገላ ላይ ከመጋዙ ምላስ ጋር ቀጤ ነክ የሆነ መስመር አለ፤ ምላሱ አፉ ውስጥ ተተክሎ ሲቆም ያ መስመር ዛፉ የሚወድቅበትን አቅጣጫ ያመለክታል። ሞተር ባልነበረበት ዘመን ይህን ሥራ የሚሠራው የመጥረቢያው እጀታ ነበር። አንድ ዲግሪ መሳት እዚህ ታች ምንም አይመስልም፤ ስልሳ ሜትር ላይ ግን ጫፉን ከአንድ ሜትር በላይ ያስታል። አንድ ሜትር ማለት ደግሞ ግንዱ ለስላሳ መሬት ላይ በማረፍና ድንጋይ ወይም አሮጌ ጉቶ ላይ ወድቆ በመሰበር መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን ይችላል። የተሰበረ ግንድ ስንት መቶ ዓመት ቢያድግ ለመጋዝ ቤት ከንቱ ነው። ሬድውድ በተለይ ተሰባሪ ስለሆነ፣ ቆራጮቹ ከመጣላቸው በፊት አፈርና ቅርንጫፍ ከምረው መኝታ ያነጥፉለት ነበር።

አሁን ወደ ጀርባ ይዞራል። የጀርባው ቅድ ከአፉ ወለል ጥቂት ከፍ ብሎ ይገባል፤ በጉቶው ላይ ደረጃ የምትመስል ነገር ትቀራለች፤ ግንዱ ሲወድቅ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ቆራጩን እንዳይመታ የምታግደው እሷ ናት። መጋዙ ወደ አፉ እየቀረበ ይሄዳል፤ ግን አይደርስም። በመካከል የሚቀረው እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ ዛፉን እስከ መጨረሻው ከጉቶው ጋር ይዞ፣ ወዲያና ወዲህ እንዳይዞር እያገደ፣ ወደ ፊት ብቻ እንዲያጎነብስ ያደርገዋል። ለጀማሪ እንደ መነሻ የሚነገረው ውፍረት የግንዱ ወርድ አንድ አሥረኛ ነው፤ ግዙፍ ዛፍ ላይ ከዚያም ያንሳል። በጣም ከወፈረ ዛፉ አይሄድም፤ ወይም ግንዱ ከጉቶው ሳይለይ ወደ ላይ ይሰነጠቅና የኋላው ግማሽ ሽቅብ ተወርውሮ ቆራጩ ላይ ይመጣል። ብዙ ጎበዝ በዚህ አልቋል። በጣም ከሳሳ ደግሞ ማንም የማያዝዘው ዛፍ ይሆናል።

ሊቅነቱ የሚታየው ማጠፊያው እኩል መሆን በማይገባው ጊዜ ነው። ዛፉ ወደ ግራ አዝምሞ እሱ ግን ወደ ፊት ሊጥለው ከፈለገ፣ በቀኝ በኩል ወፈር ያለ እንጨት ይተዋል፤ በግራ ያሳሳል። ዛፉ ሲወርድ በግራ ያለው ቀድሞ ይበጠሳል፣ በቀኝ ያለው ይዞ እየጎተተ አቅጣጫውን ይመልሰዋል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ወፍራም ግንድ ውስጥ የገባ የመጋዝ ጫፍ ሳይታየው፣ በእጁ ስሜትና በሞተሩ ድምፅ ነው። እኔ በየትኛውም የእጅ ሙያ ከዚህ የሚበልጥ የልክ ዕውቀት ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ዛፉ ወደ ኋላ መጫን ከፈለገ ሽብልቅ አለ። ዛሬ ሽብልቁ ፕላስቲክ ነው፤ የመጋዙ ሰንሰለት ቢነካው እንዳይበላሽ። አሠራሩ ግን ያው ነው። አንድ ሜትር በሚሰፋ ግንድ ላይ ጀርባው በሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ከፍ ቢል፣ የስልሳ ሜትር ዛፍ ጫፍ ከሁለት ሜትር በላይ ወደ ፊት ይሄዳል። አንድ ሰው በአጭር መጥረቢያ ጀርባ እየመታ ስንት ቶን የሚመዝን ዛፍ የሚገፋው በዚህ ነው። ዓይኑ ግን ሁልጊዜ ቅዱ ላይ ነው፤ ጫፉ መነቃነቁ ሳይታወቅ ቅዱ ይከፈታልና። ክሮቹ መንጫጫት ሲጀምሩ መጋዙን አውጥቶ በጠረገው መንገድ ይሄዳል። ዛፉ መሬት ከነካ በኋላም ወደ ጉቶው አይቸኩልም፤ ከጎረቤት ዛፎች የተገነጠለ ቅርንጫፍ ዘግይቶ ይወርዳል።

የድሮዎቹ ይህን ሁሉ የሠሩት በመጥረቢያና በሁለት ሰው መጋዝ ነበር። በሲያትልና በቫንኩቨር አካባቢ ባሉ ፓርኮች በእግሩ የሚሄድ ሰው ከሰው ቁመት በላይ የሆኑ ጥንታዊ ጉቶዎች ያጋጥሙታል። ጎናቸው ላይ መዳፍ የሚያህሉ ሽንቁሮች አሉ። የዛፉ ግርጌ ያበጠ፣ ሙጫ የበዛበትና ክሩ የተወሳሰበ ስለነበረ፣ ቆራጮቹ ሽንቁር እየፈለፈሉ፣ ጫፉ ብረት የለበሰ ሳንቃ እየሰኩ፣ ከመሬት ሁለትና ሦስት ሜትር ከፍ ብለው ሳንቃው ላይ ቆመው ይሠሩ ነበር። ብረቱ ላይ ያለችው ጥርስ የሰውየው ክብደት ሲጫናት ወደ ላይ ትነክሳለች፤ ሌላ ማሰሪያ የለም። የዋሽንግተኑ ፎቶ አንሺ ዳርየስ ኪንሲ በትልቅ ካሜራው ያነሣቸው፣ ሚስቱ ታቢታ ያጠበቻቸው ሥዕሎች ላይ እነዚህ ሰዎች ይታያሉ። ሰው ፎቶዎቹን ሲያይ በዛፉ ግዝፈት ይደነቃል፤ እኔ ግን በመጥረቢያ የተከፈተውን አፍ ልብ በሉ እላለሁ። የላይኛውና የታችኛው ገጽ በመላጊያ የተላገ ነው የሚመስለው። አንዱ በቀኙ፣ ሌላው በግራው እየመታ በየተራ ያወጡት ነው።

መጋዙ ለብቻው ታሪክ ነው። ዛፍ መጣያው መጋዝ ጀርባው ወደ ውስጥ የጎበጠ፣ ስስና ተጣጣፊ ነው፤ ሽብልቅ ከኋላው ቶሎ እንዲገባ። ሁለቱ ሰዎች ይስቡታል እንጂ አይገፉትም፤ የሚገፋ ሰው ስሱን ብረት ያጎብጠዋል፣ ጓደኛውንም ያደክማል። ሙጫው ሲይዘው ከጎን ከተንጠለጠለው ጠርሙስ ላምባ ያርከፈክፉበታል። ጥርሶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ እንደ ቢላ ክሩን ግራና ቀኝ ይቆርጣሉ፤ ሁለተኞቹ የተቆረጠውን ልገው ያወጣሉ። ላጊዎቹ ከቆራጮቹ ከሚሊ ሜትር ባነሰ ልክ ማጠር አለባቸው፤ ይህች ልክ ከተሳሳተች መጋዙ ወይ ይነክሳል ወይ ይንሸራተታል። ስለዚህ በየሰፈሩ ሥራው መጋዝ መሞረድ ብቻ የሆነ ሰው ነበር፤ ደመወዙም ክብሩም ከፍ ያለ። በደንብ የተሞረደ መጋዝ የሚያወጣው ዱቄት ሳይሆን ረጃጅም ጥምዝምዝ ፍቅፋቂ ነው።

የሞተር መጋዝ ሲመጣ መጀመሪያ ሰንሰለቱ የእጅ መጋዙን ጥርስ ነበር የሚኮርጀው፤ ቶሎ ይደነዝዝ፣ መሞረጃው ጊዜ ይፈጅ ነበር። ነገሩን የቀየረው ጆሴፍ ኮክስ የሚባል ራሱ ዛፍ ቆራጭ የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 እንጨት የሚበላ የጥንዚዛ እጭ በክሩ አቅጣጫም ሆነ አቋርጦ ሳይቸግረው ሲሄድ አየ፤ መንጋጋውን መርምሮ የተቆለመመ ጥርስ ያለው ሰንሰለት ሠራ፤ በ1947 ከፖርትላንድ መሸጥ ጀመረ። ዛሬ የሚሠራበት ሰንሰለት በመሠረቱ ያው ነው። ነገር ግን የጠረፉ ዛፍ ጣዮች ከፋብሪካ በመጣው አይረኩም። ብዙዎቹ ጥርሱን በክብ ሞረድ ሳይሆን ማዕዘን ባለው ሞረድ ቀጤ አድርገው ይስሉታል። አስቸጋሪ ነው፣ ቶሎም ይዶለዱማል፤ ንጹሕ እንጨት ውስጥ ግን የሚደርስበት የለም። የዛሬውም ሰው እንደ ቀድሞው መጋዝ ሞራጅ ማታ ማታ ሞረዱን ይዞ ይቀመጣል።

የቀረው ትጥቅ ቀላል ነው። ከታች ሹል ሚስማር ያለው ቦት ጫማ፣ እርጥብ ግንድ ላይ የሚያስኬድ። ጫፉ ሳይታጠፍ ተቆርጦ ያጠረ ሱሪ፣ ቅርንጫፍ ቢይዘው ተቀዶ እንዲለቅቅ። ወገብ ላይ የታሰረ ሜትር፣ ጫፉ ላይ ሚስማር ያለው፤ ግንዱ ላይ ሰክቶት ይሄድና ልኩን ሲጨርስ ነቅነቅ አድርጎ ይነቅለዋል። የሥራ ቀኑ በብዙ ቦታ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ የደከመ ሰው ይገደላል። እንዲያም ሆኖ በ2022 በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ አኃዝ፣ ከ100,000 የእንጨት ቆረጣ ሠራተኞች 100 ያህሉ በሥራ ላይ ሞተዋል፤ የጠቅላላው ሠራተኛ አማካይ 4 እንኳ አይሞላም።

አሮጌው ደን አብዛኛው አልቋል፤ ያለቀውም በእነዚሁ እጆች ነው። ይህን ማለፍ አይቻልም፣ ግን የፈረደው ገበያና ኩባንያ ነው እንጂ መጋዙ አልነበረም። አሁን ደልዳላው መሬት ለማሽን ተለቅቋል፤ በገመድ ታስሮ ዳገት የሚወጣ ማሽንም መጥቷል። ለሰው የቀረው ማሽን የማይደርስበት ገደልና ማሽን የማይጨብጠው ወፍራም ዛፍ ነው።

የእጅ መጋዙን ግን ሕግ አዳነው። የ1964ቱ የአሜሪካ የዱር ምድር ሕግ በተከለሉ ደኖች ሞተር ስለሚያግድ፣ መንገድ ላይ የወደቀ ግንድ ዛሬም የሚቆረጠው በሁለት ሰው መጋዝ ነው። የደን አገልግሎት መሥሪያ ቤት በ1977 ያሳተመው የዋረን ሚለር የመጋዝ አሞራረድ መመሪያ አሁንም ከእጅ አይለይም። ችግሩ መጋዙ ነው። የድሮዎቹ ከጥርሳቸው ወደ ጀርባቸው እየሳሱ ስለሚሄዱ ቅዱ ውስጥ አይጣበቁም፤ የዛሬዎቹ ግን አብዛኛዎቹ ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት ናቸው። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች በየአሮጌ ዕቃ መሸጫው ይዞራሉ። አንዳንዱን ደህና መጋዝ የሚያገኙት ለጌጥ ተብሎ የወፍጮ ቤትና የላም ሥዕል ተቀብቶበት ነው፤ ገዝተው ይወስዱና ላሞቹን በቀለም ማስለቀቂያ ያጥቧቸዋል፣ ከዚያ ሞረድ ያነሣሉ።