የማሳድገው ፈንገሱን ነው

ቅጠል ቆራጭ ጉንዳን ቤቱ ውስጥ ማርባት የጀመረ ሰው ምክር ፈልጎ ሲመጣ የሚጠይቀኝ ስለ ጉንዳኖቹ ነው፤ ስንት እንደሚሆኑ፣ ንግሥቲቱ ምን ያህል ዓመት እንደምትኖር፣ ይነክሱ እንደሆነ። እኔ ግን አስቀድሜ ስለ ፈንገሱ እጠይቀዋለሁ። ቀለሙ እንዴት ነው? ሽታውስ? ከትናንት ወዲያ የገባው ቅጠል አሁን ምን ሆኗል? ይህን መመለስ የቻለ ሰው ስለ ጉንዳኖቹ ብዙ መጨነቅ አያስፈልገውም። ፈንገሱ ደህና ከሆነ እነሱም ደህና ናቸው። ፈንገሱ ከታመመ ግን ዛሬ ምንም ያህል ሲራወጡ ቢታዩ መንጋው እየወደቀ ነው።

እነዚህ ጉንዳኖች ቅጠል ቆርጠው ይሸከማሉ እንጂ ቅጠሉን አይበሉትም። ጎጆአቸው ውስጥ አስገብተው ይልሱታል፤ አድቅቀው ያኝኩታል፤ በላዩ ላይ ፈንገስ ይተክሉበታል። ምግባቸው ፈንገሱ በጫፉ ላይ የሚያወጣቸው ጥቃቅን እብጠቶች ናቸው። ያደጉት ሠራተኞች ሲቆርጡ የሚወጣውን የቅጠል ጭማቂም ይጠጣሉ፤ እጮቹ ግን የሚያድጉት በፈንገሱ ነው። ይህን ነገር አስቀድሞ የተረዳው ቶማስ ቤልት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። ኒካራጓ ውስጥ የወርቅ ማውጫ ሲያስተዳድር ጎጆአቸውን እየቆፈረ ተመልክቶ፣ ቅጠሉ ለፈንገስ ማብቀያ የሚሆን ፍግ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1874 ባሳተመው መጽሐፍ ጻፈ። አልፍሬድ ሞለር የተባለው ጀርመናዊ ደግሞ ብራዚል ውስጥ በጥንቃቄ አጥንቶ የምርምሩን ውጤት በ1893 አወጣ።

ፈንገሱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ለአርቢው ትልቅ ነገር ነው። ወጣቷ ንግሥት ለጋብቻ በረራ ከእናቷ ጎጆ ስትወጣ አፏ ውስጥ ባለች ትንሽ ከረጢት የፈንገሱን ቁራጭ ይዛ ትሄዳለች፤ ልጅ ጎጆ ስትወጣ ከእናቷ ቤት እርሾ ይዛ እንደምትሄደው ማለት ነው። አታ የሚባለው ወገን ንግሥት መሬት ቆፍራ ትገባና ደጇን ትዘጋለች። ቁራጩን ትተፋና በራሷ ኩስ እያዳበረች ታሳድገዋለች፤ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች እስኪደርሱም ከጉድጓዷ አትወጣም። አክሮሚርሜክስ የሚባለው ወገን ንግሥት ግን መጀመሪያ ላይ ራሷ እየወጣች ቅጠል ትፈልጋለች። በሁለቱም ዘንድ ቁራጩ ከሞተ ነገር አለቀ፤ ብቻዋን ያለች ንግሥት ምትክ የምታገኝበት ቦታ የላትም። ለዚህ ነው መንጋ የሚገዛ ሰው ንግሥቲቱን ብቻ ሳይሆን ፈንገሱን አይቶ መግዛት ያለበት። የተጨማደደና ግማሹ ቡናማ ከሆነ ዋጋው ቢረክስም ይቅርበት።

እኔ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ጀርመን አገር ጉንዳን ማርባት የታወቀ ነው፤ መንጋውን፣ ሣጥኑንና ቱቦውን የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ቤቴ ያለው አክሮሚርሜክስ ነው፤ ለጀማሪም የምመክረው እሱን ነው። የአታ መንጋ በተፈጥሮ ቦታው በሚሊዮን የሚቆጠር ሠራተኛ ይኖረዋል፤ ንግሥቲቱም ከአሥር ዓመት በላይ ትኖራለች። እንዲህ ያለውን መንጋ ለማኖር ከአንድ ክፍል በላይ ቦታና ረጅም ትዕግሥት ይጠይቃል።

ስለ ሣጥኑ አሠራር ብዙ አልልም። ሦስት ሣጥን በቱቦ ይያያዛል፦ አንዱ ለፈንገሱ፣ አንዱ ቅጠል ለሚቀርብበት፣ አንዱ ለቆሻሻቸው። መስታወት ከሁሉም ይሻላል፤ ለስላሳ ፕላስቲክና ሲሊኮን ይቆርጣሉ። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከ30 ካለፈ ፈንገሱ ይጎዳል። ማሞቂያው ከሥር ሳይሆን ከጎን ይቀመጥ። አየሩ እርጥብ መሆን አለበት፤ ነገር ግን ጤዛ ከክዳኑ ወደ ፈንገሱ ከተንጠባጠበ ያበሰብሰዋል። አዲስ አርቢ ፈንገሱ እንዲያድግ ብሎ ትንሹን መንጋ ትልቅ ሣጥን ውስጥ ያስገባዋል፤ ያን ጊዜ ፈንገሱ ይደርቃል፣ ጉንዳኖቹም በማልማት ፈንታ ክፍተት ሲደፍኑ ይውላሉ። ሣጥኑ ፈንገሱ ሲያድግ እንጂ አስቀድሞ አይሰፋም።

ፈንገስ ማየት ጊዜ ወስዶ የሚለመድ ነገር ነው። ጤነኛው ሦስት ቀለም አለው። አዲስ ቅጠል የተተከለበት ላይኛው ክፍል ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው፤ መካከሉ ነጣ ያለ ግራጫ፤ ታችኛው ደግሞ አርጅቶ ሊጣል የደረሰ ስለሆነ ወደ ቢጫና ቡናማ ያደላል። እጮቹ በመካከሉ ነጭ ነጭ ሆነው ይታያሉ፤ በላያቸው ላይ ትንንሾቹ ሠራተኞች ሳያቋርጡ ይልሳሉ። አረንጓዴው ከሳሳና ቡናማው ከበዛ ቅጠል አጥሯቸዋል፤ ወይም ያመጣንላቸው ቅጠል አልተስማማቸውም። ክዳኑን ገርበብ ሲያደርጉት የትኩስ እንጉዳይ ሽታ ሊመጣ ይገባል። ኮምጠጥ ያለ ሽታ ከመጣ ከዓይን ቀድሞ አፍንጫ ነገሩን ደርሶበታል ማለት ነው። እኔ ከመለኪያ ሁሉ አፍንጫዬን አምናለሁ።

አስቸጋሪው ነገር መልሱ የሚዘገይ መሆኑ ነው። ጉንዳን አንድ ቅጠል ለፈንገሱ መርዝ ይሁን አይሁን ሲቆርጠው ሁልጊዜ አያውቅም። ቆርጦ ያስገባል፤ ይተክላል፤ ፈንገሱ ሲጎዳ ነው የሚረዳው። ሪድሊ፣ ሃውስና ጃክሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ጉንዳኖቹን የማይጎዳ ፈንገሱን ግን የሚጎዳ መድኃኒት የነካው የብርቱካን ልጣጭ ሰጧቸው። መጀመሪያ ተሻምተው ወሰዱት። ቆይተው ግን ንጹሑን ልጣጭ ጭምር እምቢ አሉ፤ እምቢታውም ለሳምንታት ቆየ። ፈንገሱ ጉዳቱን በሆነ መልክ ይነግራቸዋል፤ እነሱም ያስታውሳሉ።

ይህን የተረዳ አርቢ ሁለት ነገር ይለውጣል። አንደኛ፣ ጉንዳኖቹ በጉጉት ስለወሰዱት ብቻ ቅጠሉ ጥሩ ነው አይልም። አዲስ ዓይነት ቅጠል ሲያመጣ ጥቂት ብቻ ይሰጣል፤ ጥቂት ቀን ጠብቆ ፈንገሱን ያያል። ሁለተኛ፣ ማስታወሻ ይይዛል፦ ቀኑ፣ የቅጠሉ ዓይነት፣ የተቀጠፈበት ቦታ። ዛሬ የሚታየው ጉዳት ቀደም ብሎ የገባ ቅጠል ውጤት ስለሆነ፣ ያልጻፈ ሰው ሁልጊዜ የመጨረሻውን ቅጠል ይከሳል፤ ጥፋተኛው ግን ከሱ በፊት የገባው ሊሆን ይችላል። አንድን ቅጠል ጠልተው ከተዉትም ማስገደድ አያስፈልግም። ከገበታቸው አውጥቶ ቆይቶ እንደገና መሞከር ነው።

ቅጠሉን የማገኘው ከጫካ ዳር ነው። በበጋ ምርጫው ብዙ ነው፦ ጽጌረዳ ከነአበባው፣ ሊንደን፣ ኦክ። የክረምቱ መድኅን ግን ጀርመኖቹ ብሮምቤሬ የሚሉት እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው፤ በረዶው ውስጥም ቅጠሉን ይዞ ይከርማል። እርሱ ባይኖር ኖሮ እዚህ አገር ይህን ጉንዳን ማርባት እጅግ ይከብድ ነበር። ከእርሻ ዳርና ከመኪና መንገድ አጠገብ አልቀጥፍም፤ ከአበባ ሱቅ የተገዛ ጽጌረዳም አላስገባም፤ የተባይ ማጥፊያው ታጥቦ የሚለቅ አይደለምና። ቅጠል ሲያጥር ያልተቀመመ አጃና የፖም ቁራጭ ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን ቅጠልን አይተካም።

ስለ ንጽሕና ከነሱ የተማርኩት ብዙ ነው። ያረጀውን ፈንገስና ሬሳቸውን ለይተው ይጥላሉ። የአታን ጎጆ ያጠኑ ሰዎች እንዳዩት በቆሻሻው ላይ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ያረጁት ሲሆኑ፣ ቆሻሻ የነካው ሠራተኛ ወደ ፈንገሱ ልመለስ ቢል ሌሎቹ ያጠቁታል። ምክንያት አላቸው። ኤስኮቮፕሲስ የሚባል፣ እርሻቸውን የሚያጠፋ ሌላ ፈንገስ አለ። ስለዚህ የቆሻሻውን ሣጥን የነካሁበትን መቆንጠጫ ወደ ፈንገሱ አላስገባም፤ ለየራሱ አለኝ። ካሜሮን ከሪ የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1999 እንደገለጹት፣ በጉንዳኖቹ ሰውነት ላይ የሚኖር ባክቴሪያ ይህን ጠላት የሚገታ መድኃኒት ያመርትላቸዋል። በአክሮሚርሜክስ ሠራተኞች ደረት ላይ ነጭ ዱቄት መስሎ የሚታየው እርሱ ነው። ሻጋታ መስሎት የሚደነግጥ ጀማሪ አለና ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፦ በምንም ነገር እንዳትጠርጉት!

ሥራው ሁሉ ግን ጭንቀት አይደለም። ማታ ቅጠል ካቀረብኩ በኋላ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። ሠራተኛዋ ቅጠሉን በመንጋጋዋ ስትገዘግዝ የሆዷ ጫፍ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ወገቧ ላይ ያለውን ሸካራ ክፍል እያፋተገች ቅጠሉን ታንቀጠቅጠዋለች። ፍላቪዮ ሮሰስ፣ ዩርገን ታውትስና በርት ሆልዶብለር ቩርትስቡርግ ላይ አታን ባጠኑበት ሥራቸው ይህ ንዝረት በአቅራቢያ ያሉትን ባልንጀሮች እንደሚጠራ አሳይተዋል፤ ቅጠሉ ጥሩ በሆነ መጠን የሚነዝሩት ይበዛሉ። እኔም ከዚያ ወዲህ የቅጠሉን ጥራት ከሆዳቸው እንቅስቃሴ ለመገመት እሞክራለሁ።

አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ መንጋ እንዳመጣላቸው ሲለምኑኝ መልሴ አይሆንም ነው፤ ወደፊትም አይሆንም። ቅጠል ቆራጭ ጉንዳን የአሜሪካ አህጉር ፍጥረት ነው፤ ከደቡባዊ ዩናይትድ ስቴትስ እስከ አርጀንቲና ድረስ ይኖራል፤ አፍሪካ ውስጥ የለም። በዚያው አገሩ ቡናና ብርቱካን ያራቁታል፤ ብራዚል ውስጥ የባሕር ዛፍ ተካዮች ከሁሉ ይልቅ የሚፈሩት ተባይ ነው። የአክሮሚርሜክስ አንዱ ዝርያ ከ1954 ጀምሮ ጓዴሎፕ ደሴት ገብቶ እርሻና ደኑን ሲጎዳ ኖሯል። ዩናይትድ ስቴትስ ውስጥ ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ለማዛወር እንኳ የግብርና መሥሪያ ቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ቡናና ባሕር ዛፍ ያለበትን አገር ለትርፍ ጊዜ ደስታ ብሎ ለዚህ ማጋለጥ ይቅር የማይባል ነገር ነው።

ደግሞም ፈንገስ የሚያርስ ነፍሳት በአገራችን አለ። ኢሉባቦር ያደጉ አንዲት እናት ቤቴ በእንግድነት መጥተው ሣጥኑን ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ፣ “ልጄ፣ ይሄ የምስጥ ሥራ አይደለም እንዴ? እንጉዳዩ መቼ ነው የሚወጣው?” አሉኝ። ከጠየቁኝ ሰዎች ሁሉ ወደ ነገሩ እምብርት የደረሱት እሳቸው ናቸው። ኩይሳ የሚሠራው ምስጥም የደረቀ ተክል እየበላ፣ ከኩሱ ማሳ ሠርቶ ፈንገስ ያበቅላል፤ ክረምት ሲገባ ከኩይሳው አጠገብ የምንለቅመው እንጉዳይ የዚያ ፈንገስ ፍሬ ነው።

“የነዚህ አያወጣም ማለት ይቻላል፣ እማማ” አልኳቸው። ምክንያቱንም ነገርኳቸው። የጉንዳኗ ንግሥት ፈንገሱን በአፏ ይዛ ስለምትወጣ፣ ፈንገሱ ለመዛመት ፍሬ ማውጣት አያስፈልገውም። በአብዛኞቹ የምስጥ ዝርያዎች ግን በዝናብ የሚፈላው አሸን ባዶ አፉን ነው የሚወጣው። አዲሱ ኩይሳ የሚያርሰውን ፈንገስ የሚያገኘው የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች እንጉዳዩ የበተነውን ዘር ከውጭ ሲያስገቡ ነው። እማማም እንጉዳዩ ሲነቀል ከሥሩ ወደ መሬት የሚወርድ ረጅም ነገር እንዳለው፣ ልጆች ሆነው እሱን ተከትለው ይቆፍሩ እንደነበር ነገሩኝ። ያ ሥር መሳይ ነገር የሚያበቃው ምስጡ ፈንገሱን በሚያርስበት ጉድጓድ ውስጥ ነው።